ሐኪሟ እውነቱን የደበቋት ሳይንቲስት፦ ሬቸል ካርሰን እና የጡት ካንሰር

ዲዲቲን ያውቁታል። ወባ በሚበዛበት ቆላ አካባቢ ካደጉ፣ ጀርባቸው ላይ መርጫ ያዘሉ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ግድግዳውን ሲረጩ አይተው ይሆናል፤ ሽታውም እስከ ዛሬ ትዝ ይልዎት ይሆናል። ይህ ኬሚካል ያለ ልክ ሲረጭ በወፎች፣ በዓሦችና በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በመጽሐፍ ገልጣ ዓለምን ያነቃችው አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ባለሙያ ሬቸል ካርሰን ናት። ስለ መጽሐፏ ብዙ ተብሏል። መጽሐፉን ስትጽፍ የጡት ካንሰር ታማሚ እንደነበረች ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ካንሰር መሆኑን ቀዶ ሐኪሟ ደብቀዋት ለስምንት ወራት ያህል ሳታውቀው መኖሯን የሚያውቅማ ከዚያም ያንሳል።

በዚህ ጽሑፍ የሬቸልን ሕይወት ከሕመሟ አንጻር እንነግርዎታለን። ታሪኳ ስለ ጡት ካንሰር የሚነገሩ ብዙ የተሳሳቱ አመለካከቶችን የሚነካ በመሆኑ በየመሃሉ ቆም እያልን ሕክምናው ዛሬ የሚለውን እናስረዳለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከወንዝ ዳር እስከ ባሕር

ሬቸል ሜይ 27 ቀን 1907 በፔንሲልቬንያ ግዛት ስፕሪንግዴል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። ቤተሰቡ ገንዘብ አልነበረውም። እናቷ ማሪያ ግን ልጇን ሜዳ ለሜዳ ይዛ እየዞረች የወፍና የዕፅዋት ስም ታስተምራት ነበር። ሬቸል ኮሌጅ ስትገባ ደራሲ ለመሆን አስባ ነበር፤ አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ልቧን ወደ ሳይንስ መለሱትና በ1932 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በእንስሳት ጥናት የማስተርስ ዲግሪዋን አገኘች። ዶክትሬቷን የመቀጠል አቅም አልነበራትም። በ1935 አባቷ ሞተ። በ1937 እህቷ ሁለት ሴት ልጆች ትታ ሞተች። እናትን፣ የእህት ልጆችን፣ ቤቱን በሙሉ የማስተዳደሩ ሸክም ሬቸል ትከሻ ላይ ወደቀ። በመንግሥት የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ቀን ቀን የቢሮ ሥራዋን፣ ማታ ማታ የራሷን ጽሑፍ ትሠራ ነበር።

በ1951 ስለ ባሕር የጻፈችው መጽሐፍ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ በብዛት ከሚሸጡ መጻሕፍት ዝርዝር ሳይወርድ ቆየ። በዚያ ገንዘብ ሥራዋን ለቅቃ ሙሉ ጊዜዋን ለመጻፍ ሰጠች። አላገባችም፣ አልወለደችም። ይሁን እንጂ በ1957 አንዷ የእህቷ ልጅ ስትሞት የአምስት ዓመት ልጇን ሮጀርን ወስዳ እንደ ልጇ አሳደገችው። የቤተሰቡን ሁሉ ሕመም ስታስታምም የኖረች፣ የራሷን ግን ወደ ኋላ የምታቆይ ሴት ነበረች። እንዲህ ያለች እናት፣ አክስት ወይም ታላቅ እህት በእርስዎም ቤት አትጠፋም።

አላገባችም አልወለደችም ያልነው እንዲያው አይደለም። ጠላቶቿ በኋላ መጽሐፏን ሲያጣጥሉ ይህንኑ እየጠቀሱ ተሳልቀውባታል። በሕክምናውም በኩል ብዙ ጊዜ በስህተት የሚነገር ነገር አለበት። አለመውለድና አለማጥባት የጡት ካንሰር አደጋን በመጠኑ ከፍ ያደርጋሉ፤ ማጥባትም በመጠኑ ይቀንሰዋል። ይህ ማለት ግን አምስት ወልዳ ያጠባች ሴት አይነካትም ማለት አይደለም። በጡት ካንሰር ከሚያዙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ሴት ከመሆናቸውና ዕድሜያቸው ከመግፋቱ በቀር ተለይቶ የሚጠቀስ ምክንያት የላቸውም። በዘር የሚወረስ የጂን ለውጥ ያለባቸው ከመቶው ከ5 እስከ 10 ብቻ ናቸው። ስለዚህ በቤተሰባችን የለም ብሎ መዘናጋት ትክክል አይደለም። ወንዶችም ይያዛሉ፤ ከጠቅላላው ታማሚ ከአንድ በመቶ የማይበልጡት ወንዶች ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ እብጠቶች

በ1946 ሬቸል ጡቷ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ወጥቶባት በቀዶ ሕክምና ተነሣላት። ካንሰር አልነበረም። በ1950 በግራ ጡቷ ሌላ እብጠት ወጣ፤ እሱም ተወገደ። ካንሰር ይሆን ወይ ብላ ጠይቃ ምንም የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ተነገራትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት የተለየ ክትትል አልተደረገላትም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። አንደኛው የሚያረጋጋ ነው፦ በጡት ላይ የሚገኝ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ከአሥር እብጠቶች እስከ ዘጠኝ የሚሆኑት ውሃ የቋጠሩ፣ በወር አበባ ዑደት የሚመጡና የሚሄዱ፣ ወይም ጉዳት የሌላቸው ዕጢዎች ናቸው። ሁለተኛው ግን ያለፈው እብጠት ደህና መሆኑ ለአዲሱ ዋስትና አለመሆኑ ነው። እያንዳንዱ አዲስ እብጠት እንደ አዲስ መታየት አለበት። እንዲያውም አንዳንድ ካንሰር ያልሆኑ የጡት ለውጦች ወደፊት ካንሰር የመከሰት ዕድልን ከፍ ስለሚያደርጉ፣ የናሙና ውጤቱን ወረቀት መጣል አይገባም። ከቤት ሰነድ ጋር ያስቀምጡት፤ ሌላ ሐኪም ጋ ሲሄዱም ይዘውት ይሂዱ።

ካላመመኝ ምንም የለብኝም የሚለውም አለ። ይህ ምናልባት ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። የጡት ካንሰር በጅማሬው ብዙ ጊዜ አያምም። ሊያሳስብዎ የሚገባው ለውጥ ነው፤ በጡት ወይም በብብት ጠንከር ያለ እብጠት፣ የጡት ቅርጽ ወይም መጠን ሳይታሰብ መለዋወጥ፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን ወይም መሰርጎድ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ መግባት፣ ሳይነካ ፈሳሽ በተለይም ደም ያለበት ፈሳሽ መውጣት፣ የማይድን ቁስለት ወይም መቅላት። ከእነዚህ አንዱን ካዩ እስኪያምዎ አይጠብቁ። ገና ወጣት ነኝ ብለውም አይተዉት። በአገራችን ጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው ወደ ሆስፒታል ከሚመጡት ሴቶች ብዙዎቹ በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉ ናቸው።

ኤፕሪል 1960

በ1958 መጀመሪያ ሬቸል አንድ ከባድ ሥራ ጀመረች። አንዲት ወዳጇ አውሮፕላን ዲዲቲ ከረጨ በኋላ በቤቷ ዙሪያ ወፎች እየረገፉ መሆናቸውን ጽፋ ነበርና፣ ሬቸል ማስረጃ መሰብሰብ ያዘች። በዚያው ዓመት መጨረሻ እናቷ አረፈች። ሥራው ገና ከመሃል ሳይደርስ፣ በ1960 የጸደይ ወራት፣ በዚያው በግራ ጡቷ ሁለት እብጠቶች ተገኙ። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ዋሽንግተን ውስጥ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሳምንት ቀርቷት ነበር።

ቀዶ ሕክምናው በዘመኑ የተለመደው ትልቁ ነበር። ከአሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ከዊልያም ሃልስቴድ ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት የቆየው ልማድ ጡቱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና በብብት ያሉትን የሊምፍ ዕጢዎች ጭምር ጠርጎ ማውጣት ነበር። ሴቲቱ ከዚያ በኋላ ክንዷን እንደ ልብ ማንሳት ያቅታት፣ እጇም ያብጥባት ነበር። ዛሬ ብዙ ሴቶች ሐኪም ቤት ለመሄድ የሚፈሩት ጡቴን ሙሉ በሙሉ ይቆርጡታል ብለው ነው። በ1985 የታተመ ትልቅ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ ዕጢው ትንሽ ሳለ ከተደረሰበት ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ቀሪውን ጡት በጨረር ማከም ሙሉውን ጡት ከማስወገድ የማይተናነስ ዕድሜ ይሰጣል። አንዳንዴ ሙሉውን ማስወገድ ግድ ይሆናል፤ ያ በዕጢው መጠንና በጨረር ሕክምና መኖር አለመኖር የሚወሰን ነው። ዘግይቶ መምጣት ግን ምርጫውን ያጠበዋል።

ቢላ ከነካው ይዛመታል የሚለው አባባል እንዴት እንደተወለደ መገመት አያስቸግርም። ሰዎች በጣም ዘግይተው ይመጣሉ፤ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል፤ በሽታው ግን ቀድሞ ሌላ ቦታ ደርሶ ስለነበር ጥቂት ቆይተው ይሞታሉ። ጎረቤት የሚያየው ቢላውን ነው። በመርፌ ናሙና መውሰድም ሆነ በአግባቡ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ካንሰርን አያዛምትም። እንዲያውም ናሙና ሳይወሰድ ካንሰር ነው ወይም አይደለም ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

እንደዛው እንዳትነግሯት

ሬቸል ከሰመመኗ ከነቃች በኋላ ቀዶ ሐኪሟን ውጤቱ ካንሰር መሆኑን በቀጥታ ጠየቀቻቸው። እብጠቱ የሚያጠራጥር እንደነበረ፣ ግን ተጨማሪ ሕክምና እንደማያስፈልጋት ነገሯት። እውነቱ ሌላ ነበር። ዕጢው ካንሰር ነበር፤ በብብቷ ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎችም ተሻግሯል።

በሐኪሙ ላይ ብቻ ከመፍረድዎ በፊት ዘመኑን ይዩ። በ1961 በቺካጎ ከሁለት መቶ በላይ ሐኪሞች በተጠየቁበት ጥናት 90 በመቶ ያህሉ ለታማሚው ካንሰር እንዳለበት አለመንገርን እንደሚመርጡ ተናግረዋል። ታማሚዋ ሴት ስትሆን ደግሞ እውነቱ ለባሏ ይነገር ነበር፤ ሬቸል ባል አልነበራትም። አሥራ ስምንት ዓመት ቆይቶ በ1979 ተመሳሳይ ጥናት ሲደረግ 97 በመቶው መንገርን እንደሚመርጡ መለሱ። አንድ ትውልድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሙያው ልማድ ተገለበጠ።

የእኛስ ልማድ? እኛ ክፉ ወሬ በድንገት አንናገርም። መርዶ እንኳ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ተመርጦ ነው የሚነገረው። ይህ ወግ ከርኅራኄ የመጣ ነው፣ ለሐዘንም ይበጃል። ወደ ሐኪም ቤት ሲገባ ግን መልኩ ይቀየራል። ልጅ ወይም ወንድም ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ ለእሷ እንዳይነገራት ብሎ ይማጠናል፤ እናት ጨጓራ ነው ተብላ ኬሞቴራፒ ትወስዳለች፤ ጸጉሯ ሲረግፍ ግራ ይገባታል። የነቀርሳን ስም መጥራት የሚፈራበት ቤትም አለ፤ ያ በሽታ ብቻ ይባላል።

ጉዳቱ በሬቸል ላይ ምን እንደሆነ ይመልከቱ። ጥያቄዋን በቀጥታ የጠየቀች፣ ስለ ኬሚካልና ስለ ካንሰር የዓለምን ጥናት ስታገላብጥ የምትውል ሳይንቲስት ነበረች። የራሷን ውጤት ግን አታውቅም። ተጨማሪ ሕክምና ሳታገኝ፣ ሌላ ሐኪም ሳታማክር፣ ጊዜዋን እንዴት እንደምትጠቀምበት ሳታቅድ ኤፕሪል ሄዶ ዲሴምበር መጣ። ቶሎ ቢነገራት ኖሮ ትድን ነበር ማለት አይቻልም፤ በሽታው አስቀድሞ ብብቷ ደርሷል፣ የዘመኑ መድኃኒትም ጥቂት ነበር። የተወሰደባት ግን የመወሰን መብቷ ነው።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤል ወይም በገልፍ አገሮች ያሉ አንባቢ ከሆኑ ይህ ጉዳይ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣብዎታል። እናትዎን ይዘው ሆስፒታል ሄደው፣ ሐኪሙ የሚናገረውን እርስዎ ያስተረጉማሉ። ሐኪሙ ካንሰር ሲል እርስዎ ትንሽ ቁስል ነው ይላሉ። አንጀትዎ አልቻለምና አይፈረድብዎትም። ነገር ግን የቤተሰብ አባል በዚህ ቦታ ማስተርጎም የለበትም። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ አማርኛ አስተርጓሚ በስልክም ቢሆን እንዲቀርብ ይጠይቁ። እርስዎ ያኔ ልጅ ሆነው እናትዎ አጠገብ መቀመጥ ይችላሉ። እናትዎ ዝርዝሩን መስማት ካልፈለጉ ያ የራሳቸው ውሳኔ ነው። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ አስቀድሞ እሳቸውን መጠየቅ ይገባል።

ውጤትዎን ሲቀበሉ፣ ካንሰር ነው ወይስ አይደለም ብለው በስሙ ይጠይቁ። ከሆነ ዕጢው ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ብብት ደርሷል? ሆርሞን የሚቀበል ዓይነት ነው? ኤች ኢ አር 2 የሚባለው ምርመራ ተሠርቷል? ምን ሕክምና ቀረኝ? የፓቶሎጂውን ወረቀት ኮፒም ይውሰዱ። የሬቸል ሐኪም የሚያጠራጥር በሚል ቃል ሊያልፏት የቻሉት ወረቀቱ በእጇ ስላልነበረ ጭምር ነው።

የክሊቭላንዱ ሐኪም

በ1960 ኖቬምበር መጨረሻ በቀዶ ሕክምናው በኩል፣ የጎድን አጥንቷ ላይ፣ ጠንካራ እብጠት ታየ። በዚህ ጊዜ ሬቸል ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ክሊኒክ ይሠሩ ለነበሩት ለቀዶ ሐኪም ጆርጅ ክራይል ጻፈች። ክራይልና ባለቤታቸው ጄን ከቀድሞ የሚያውቋት ነበሩ። ክራይል የያኔውን ትልቅ ቀዶ ሕክምና ያለ ልክ ይበዛል ብለው የሚሟገቱ፣ በዚህም በባልደረቦቻቸው ዘንድ ብዙ የተነቀፉ ሰው ነበሩ።

ማስረጃዎቹን ካዩ በኋላ እውነቱን ሳይሸፋፍኑ ነገሯት፦ ካንሰር ነው፤ ተሰራጭቷል። የጨረር ሕክምናም ወዲያው እንድትጀምር ሆነ። ሬቸል እውነቱን ሰምታ አልፈረሰችም። አመሰገነቻቸው፤ እንደ አዋቂ ስላዩዋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ የታመነ ሐኪሟ እሳቸው ሆኑ። ጄን ክራይል ራሷ በዚሁ በጡት ካንሰር ታማ በ1963 ሞተች።

እውነት ሲነገረው ተስፋ ቆርጦ ይሞታል የሚለው ፍርሃት በብዙዎች ቤት አለ። የሬቸል ቀጣይ ሁለት ዓመታት ግን ሌላ ይናገራሉ። የቀራት ጊዜ ውስን መሆኑን ስላወቀች ቅድሚያ ለሚሰጠው ቅድሚያ ሰጠች፤ መጽሐፉን መጨረስ። በ1961 መጀመሪያ እግሮቿ ላይ በደረሰ ኢንፌክሽን መራመድ አቃታት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዓይኗ ታምሞ ማንበብ ሲሳናት ረዳቷ ጮክ ብላ እያነበበችላት ረቂቁን አረመች። ጨረሩ ያቅለሸልሻት፣ ያደክማት ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ካንሰር የሚናገር ሙሉ ምዕራፍ አለ፤ ስለ ራሷ ግን አንድ ቃል አላስገባችበትም።

መጽሐፉ ሳይለንት ስፕሪንግ፣ ወፍ የማይዘምርበት ጸጥ ያለ የጸደይ ወቅት እንደ ማለት፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1962 ታተመ። የኬሚካል ኩባንያዎች በብዙ ገንዘብ ዘመቱባት። ሬቸል ሕመሟን ከጥቂት ወዳጆቿ በቀር ለማንም እንዳይነገር አጥብቃ አዘዘች፤ ከታወቀ የታመመች ሴት በቂም የጻፈችው ነው ይባላል ብላ ሰግታለች። የሐኪሟ ዝምታና የእሷ ዝምታ አንድ አይደሉም። እሷ እውነቱን ይዛ ለማን እንደምትነግር መረጠች፤ ያ የማንኛዋም ታማሚ መብት ነው። እርስዎም ካንሰር ቢገኝብዎ ለዕድር፣ ለማኅበር፣ ለመሥሪያ ቤት ሁሉ የመናገር ግዴታ የለብዎትም። ይሁንና ሬቸል እንኳ ብቻዋን አልተሸከመችውም። የልብ ወዳጇ ዶሮቲ ፍሪማን ሁሉንም ታውቅ ነበር። አንድ የሚያውቅልዎ ሰው ይኑርዎት።

በሽታው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ በመተቃቀፍ፣ ልብስ በመዋዋስ አይያዝም። በእርግማን ወይም በኃጢአት የሚመጣም አይደለም። ጠባብ ጡት መያዣም ሆነ ሽቶ እንደሚያመጡት የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ጠበል የሚሄዱ ከሆነ ጠበሉንም ጸሎቱንም ይቀጥሉ፤ የሆስፒታል ቀጠሮዎን ግን በእሱ አይተኩ፣ የታዘዘልዎትንም መድኃኒት አያቋርጡ።

ያሳመማት ዲዲቲ ነው?

ታሪኳን የሚሰማ ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቃል። ሲያዩት ልብ ወለድ ይመስላላ! ራሷ ግን እንዲህ ብላ አታውቅም። በአንድ ሰው ላይ የተነሣን የጡት ካንሰር ይህ ነው ያመጣው ብሎ መጠቆም አይቻልም። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2015 ዲዲቲን በሰው ላይ ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ካለ ነገሮች ተርታ መድቦታል፤ የተመደበው ግን በዋናነት ከሌሎች የካንሰር ዓይነቶች ጋር በታየው ግንኙነት እንጂ በጡት ካንሰር አይደለም። በልጅነትዎ ቤትዎ ስለተረጨ ብቻ ጡቴን ያመኛል ብለው አይስጉ። የሬቸል ሐሳብም ወባን መከላከል ይቅር አልነበረም፤ ያለ ልክ ሲረጭ ትንኞቹ ይለምዱታል፣ መድኃኒቱም ዋጋ ያጣል የሚል ነበር። በኢትዮጵያም ከብዙ ዓመታት በኋላ የወባ ትንኝ ዲዲቲን በመላመዷ በሌላ ኬሚካል መተካት ግድ ሆኗል።

አደጋውን ከፍ የሚያደርጉት በደንብ የታወቁት ነገሮች እነዚህን ያህል አያስደምሙም፦ ዕድሜ፣ በቅርብ ዘመድ መኖሩ፣ የወር አበባ ቶሎ መጀመርና ዘግይቶ መቆም፣ አልኮል፣ ካረጡ በኋላ የሚመጣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ እንቅስቃሴ ማነስ። አልኮሉና ውፍረቱ በእጃችን ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን አይደሉም። ለዚህ ነው ታማሚዋን በምን አጠፋሽ መጠየቅ የማይገባው።

የመጨረሻው ዓመት

በ1963 የጸደይ ወራት ሬቸል በአሜሪካ በሰፊው የምትታወቅ ሳይንቲስት ነበረች። ኤፕሪል 3 ቀን በቴሌቪዥን ቀርባ በሚሊዮኖች ታየች። ጁን 4 ቀን በሴኔቱ ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ምስክርነቷን ሰጠች። ዊግ አድርጋ ነበር። ካንሰሩ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ስለነበር መቀመጥም መቆምም ያማት ነበር። የሰሟት ያዩት ረጋ ያለች፣ ቃሏን የምትመርጥ ሴት ነበር። በዚያው ዓመት መኸር ካሊፎርኒያ ሄዳ ንግግር ስታደርግ ከዘራ ይዛ ነበር፤ ለጠየቋት የመገጣጠሚያ ሕመም ነው ትል ነበር።

ያኔ ያልነበሩትን ያስቡ። ጡትን በኤክስሬይ የሚያየው ማሞግራፊ ለምርመራ ይጠቅም እንደሆነ ለማወቅ የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ በኒው ዮርክ የተጀመረው በ1963 ነው። ሆርሞን በሚቀበል ካንሰር ላይ የሚሠራው ታሞክሲፈን የሚባለው እንክብል በአሜሪካ የተፈቀደው በ1977 ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጠው ኬሞቴራፒ ጥቅሙ የታወቀው በ1970ዎቹ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት ከታማሚዎቹ የአብዛኞቹ ካንሰር ሆርሞን የሚቀበል ዓይነት ነው፤ ማለትም ታሞክሲፈን ሊረዳቸው ይችላል። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛ የነበረው የጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምና ማዕከል ወረፋው ረጅም ነበር፤ አሁን በሌሎች ከተሞችም ማዕከላት ተከፍተዋል። የጡት ካንሰር ከተገኘ መጨረሻው ሞት ነው የሚለው በ1960 እንኳ ሙሉ በሙሉ እውነት አልነበረም፤ ዛሬ ቶሎ ለመጣች ሴት ከቶ እውነት አይደለም። በ2022 በዓለም 2.3 ሚሊዮን ሴቶች ጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ በዚያው ዓመት የሞቱት ወደ 670,000 ይጠጋሉ። ከሞቱት ብዙዎቹ ምርመራውና ሕክምናው በጊዜ ያልደረሳቸው ናቸው።

ሬቸል በ1964 መጀመሪያ ካንሰሩ ጉበቷ ደረሰ። በማርች ወር ወደ ክሊቭላንድ ተመልሳ ክራይል ጋ ታከመች። ኤፕሪል 14 ቀን 1964፣ ከመጀመሪያው ትልቅ ቀዶ ሕክምና በኋላ አራት ዓመት ቆይታ፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቷ ውስጥ በልብ ድካም አረፈች። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። አሜሪካ ዲዲቲን በእርሻ ላይ መጠቀምን የከለከለችው በ1972 ነው።

የአሥራ ሁለት ዓመቱን ሮጀርን የመጽሐፏ አርታኢ ፖል ብሩክስና ባለቤቱ ወስደው አሳደጉት። ከአስከሬኗ አመድ ግማሹ ከእናቷ መቃብር አጠገብ ተቀበረ። ሌላውን ግማሽ ዶሮቲ ወስዳ በሜይን የባሕር ዳርቻ፣ ሬቸል ትወደው በነበረው ዓለት ላይ በተነችው።